አንድ መስመር በሃድሎው ቀመር መዝገብ ላይ

ሄድሊ ተኒክሊፍ ሚስቱ የተወለደችበትን ቀን ሁለት ጊዜ ረስቷል። የሃድሎው ቀመር ባንድ አራተኛ አልበም ገበያ ላይ የዋለበትን ቀን ግን ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት ይነግራችኋል፤ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ማክሰኞ እንደነበረና ካፊያ እንደነበር ጭምር። እንዲህ ዓይነት ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም፤ ለእኛ ለሂችን ሰዎች የደረሰን እሱ ነው።

የሃድሎው ቀመር ማለት ሁለት ሰዎች ናቸው። ሮላንድ ፔቲፈር ዜማውን ይሠራል፣ ጎድፍሬይ ስታናርድ ግጥሙን ይጽፋል፤ ሌላው ሁሉ ቅጥረኛ ነው። መድረክ ላይ ወጥተው አያውቁም። አንድም ቀን! በዚያ ዘመን ሌላው ባንድ ጠባብ ሱሪውን ለብሶ ሕዝብ ፊት ሲዘል፣ እነዚህ ስቱዲዮ ገብተው በራቸውን ይዘጉና አንድ ከበሮ ሦስት ሳምንት ሲቀዱ ይከርማሉ። ከ1974 እስከ 1986 ዘጠኝ አልበም አወጡ፤ እያንዳንዱም ስለ አንድ ከባድ ጉዳይ ነው። ስለ ቦይ ቁፋሮ አለ። ስለ በረዶ ግግር አለ፤ አንዱ ዘፈን ብቻውን ሃያ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፣ በረዶውም እስከ መጨረሻው አይቀልጥም። ስለ ኢንሹራንስ አጀማመር እንኳ አለ፤ ያውም በሁለት ሸክላ! ዘጠነኛውን ሲጨርሱ ሽፋኑ ላይ የማን ስም ይቅደም ተባብለው ተጣሉ፤ ይኸው እስከ ዛሬ በጠበቃ ካልሆነ እንደምን አደርክ አይባባሉም።

የእነዚህን ሰዎች ሥራ ሁሉ አንድ በአንድ የመዘገበው ሄድሊ ነው። ቀን ቀን ውሃ ድርጅት ቆጣሪ ሲያነብ ይውላል፤ ማታ መዝገቡ ላይ ይደፋል። ጡረታ ከወጣ በኋላማ ቀኑም ማታውም መዝገቡ ሆነ። ሠላሳ አንድ ዓመት! የትኛው ሸክላ የት አገር ታተመ፣ መለያው ምን ቀለም አለው፣ ፖርቱጋል የታተመው ላይ ለምን አንድ የጸናጽል ምት ጎደለ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። ማን ያነበዋል? ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ሚስቱም ይህንኑ ትጠይቅ ነበር።

ታዲያ በዚህ ዓመት አንድ የለንደን ሸክላ ቤት ዘጠኙንም አልበም በአንድ ትልቅ ሳጥን ሊያወጣ ተነሣ፤ ከሳጥኑ ውስጥ ለሚገባው መጽሐፍም የሄድሊን መዝገብ መረጠ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ያዘጋጀው፦ ሄድሊ ተኒክሊፍ» ይላል። ናሙናው ሲመጣለት ያቺን መስመር ቆሞ አነበባት። ከዚያ ተቀምጦ አነበባት። ለጎረቤትም አሳየ፣ ለፖስተኛም አሳየ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አራተኛው አልበም ላይ «ማዕበሉ ሲተኛ» የሚባል ዘፈን አለ። ከዘጠኙ አልበም ውስጥ ጤነኛ ሰው ሊያንጎራጉረው የሚችለው እሱ ብቻ ነው፤ ሠርግም ላይ ይዘፈናል፣ ቀብርም ላይ ይዘፈናል። የምትዘፍነው ሴት ናት፤ ሽፋኑ ላይ ሮዛሊንድ ኩዌይል ይላል። ሮዛሊንድ ያኔ ስሟ የገነነ ድምፃዊት ነበረች፤ ነፍሷን ይማር፣ ከሞተች ሃያ ዓመት አለፋት። ሄድሊ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ሳለ ይህን ዘፈን መኪና ውስጥ በሬዲዮ ሰምቶ፣ መኪናውን ዳር አስይዞ አልቅሷል። ያን ድምፅ ወደደው። እንደ ዘፈን አይደለም፤ እንደ ሴት ነው የወደደው።

ሮዛሊንድን ለማየት ብሎ ሦስት ቅዳሜ ስቱዲዮው ፊት ለፊት በብርድ ቆመ። ሮዛሊንድ አልወጣችም። የወጣችው የስቱዲዮው እንግዳ ተቀባይ ኖሪን ሄስሎፕ ናት፤ ሻይ በትልቅ ኩባያ ይዛ። «ሞተህ በር ላይ ከምትገኝና ፖሊስ ከሚጠይቀኝ ይህን ጠጣ» አለችው። በዓመቱ ተጋቡ። ጓደኞቹ «ሮዛሊንድን ያጣ ኖሪንን አገባ» እያሉ ሲቀልዱ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር፤ ኖሪን እዚያው ተቀምጣ እየሰማች።

ኖሪን ሳህን ስታጥብ «ማዕበሉ ሲተኛ»ን ማንጎራጎር ትወዳለች። ይኼኔ ሄድሊ ከሳሎን ብቅ ይላል። «ኖሪንዬ፣ እባክሽ። ሸክላው እየዞረ እኮ ነው። ለምን ታበላሺዋለሽ?» ይላታል። ትተወዋለች። አርባ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሩ። እሱም አልበቃው ብሎ መዝገቡ ላይ ገጽ 214፣ ይህን ዘፈን ከሮዛሊንድ በቀር ሌላ ሰው ሊዘፍነው እንደማይችል ከትንፋሽ አወሳሰዷ ተነሥቶ በረጅሙ አስረዳ።

መዝገቡ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ከለንደን ስልክ ተደወለለት። የደወለችው የድሮዎቹን ቴፖች ወደ ኮምፒውተር የምትገለብጠው ባለሙያ ሃርፕሪት ናት። «ሄድሊ፣ በስልክ የሚነገር አይደለም፤ ይምጡና ይስሙት» አለችው። በማግስቱ በጧት ባቡር ሄደ።

«ደህና መጡ፤ ይቀመጡ» አለችው። «ሙዚቃውን ሁሉ አጥፍቼ የሴትዮዋን ድምፅ ብቻ ነው የማሰማዎት።»

ሄድሊ ዓይኑን ጨፈነ። ያ ድምፅ ብቻውን፣ ያለ ከበሮ ያለ ፒያኖ መጣ። እንባው መጣ፤ ሁልጊዜም ይመጣል። ሸክላው ላይ ዘፈኑ መጨረሻው ላይ እየደከመ እየደከመ ይጠፋል፤ እሱ ግን በኋላ የተሠራ ነው፤ ቴፑ ላይ አይጠፋም። ዘፋኟ የመጨረሻውን ስንኝ ጨረሰች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያም እንዲህ አለች፦

«ሮላንድ፣ ይኼ ይበቃል? ወተቱ ተበላሽቷል እኮ፤ ሱቁ ሳይዘጋ ሮጥ ብዬ ላምጣ?»

አንድ ወንድ ከሩቅ መለሰላት። «ሂጂ ኖሪን። ነገ ሮዛሊንድ ስትመጣ በላዩ ላይ ትዘፍንበታለች።»

ሄድሊ ክው አለ።

«የቴፑ ሳጥን ላይ ማሳያ ተብሎ ተጽፏል» አለች ሃርፕሪት። «ያው እርስዎ ያውቁታል፤ ድምፃዊዋ እስክትመጣ ሙዚቀኞቹ የቱ ጋ እንደደረሱ እንዲያውቁ አጠገባቸው የተገኘ ሰው ይዘፍናል፤ በኋላ ይሰረዛል። ይኼኛው ግን አልተሰረዘም። ሮዛሊንድም በማግስቱ መጥታ ዘፍናለች፤ ይኸው።» አሰማችው። ሮዛሊንድ ጉንፋን ይዟት ኖሯል፤ የታመመች ዳክዬ ነው የምትመስለው። «ሮላንድ የትኛውን እንደመረጠ ጆሮዎ ይፍረድ። ሸክላው ላይ ያለው የመጀመሪያው ነው። ብቻ ይህች ኖሪን ማን እንደሆነች አጣሁ። መዝገብዎ ውስጥ ፈለግኋት፤ ሾፌሩ አለ፣ የሾፌሩ ውሻ አለ፣ ኖሪን የለችም።»

«ሚስቴ ናት» አለ ሄድሊ።

«ማን?»

«ኖሪን። ሚስቴ ናት።»

ሃርፕሪት ሳቋ አመለጣት፤ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። «ይቅርታ፣ በእናትዎ ይቅርታ… እና እስከ ዛሬ አልነገረችዎትም?»

ሄድሊ ካፖርቱን ደረበ። ነግራዋለች እንጂ! ይህ ትዝ ያለው ያኔ ነው፤ ባቡር ውስጥም እስከ ሂችን ድረስ ሲበላው መጣ።

ቤት ሲደርስ ኖሪን ወጥ ቤት ድንች እየላጠች ነበር። ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ «ኖሪን፣ ማዕበሉ ሲተኛን የዘፈንሽው አንቺ ነሽ?» አላት።

«አዎ።»

«አዎ?»

«አዎ። ያን ቢላ አቀብለኝ።»

«እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ትደብቂኛለሽ!»

ኖሪን ድንቹን አስቀመጠች። «ደበቅኩህ? ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ! በጫጉላችን ጊዜ ዊትቢ፣ ባሕሩ ዳር ላይ ነገርኩህ። ምን አልከኝ? አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ትንፋሽ አስተማርከኝ፤ በገዛ ትንፋሼ! ሃምሳ ዓመት ሲሞላህ ደግሜ ነገርኩህ፤ 'ኖሪንዬ፣ ወይኑ በዛብሽ' አልከኝ፤ እንግዳ ፊት። ሦስተኛ አልዋረድም ብዬ ተውኩት።»

«አልተቆጣሽም ነበር እኮ።»

«ተቆጥቻለሁ እንጂ! በገዛ ዘፈኔ አርባ አንድ ዓመት ዝም በይ ስባል እንዴት አልቆጣም? ስትስቅ ያየኸኝ ጊዜ ሁሉ ደስ ብሎኝ መስሎሃል?» አለች፤ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ሄድሊ እንዲህ ሆና አይቷት አያውቅም፤ ወይም ልብ ብሎ አይቷት አያውቅም።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ምን ላድርግልሽ?» አላት። ከልቡ ነው፤ እዚህ ላይ እኔም አላማውም።

«ስሜ ይጻፍ» አለች። «መጽሐፉ ላይ። አንድ መስመር። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ አበባ ገዝተህ እንዳትመጣ።»

በማግስቱ ፒርስ የሚባለው የሸክላ ቤቱ ሰው እየጮኸ ደወለ። «ሄድሊ! ሃርፕሪት ነገረችኝ፤ ጉድ እኮ ነው! ወተት ልታመጣ የሄደችው ልጅ! በጣም ነው የወደድነው። የማስተካከያ ቅጽ ልኬልዎታለሁ፤ አንድ ፊርማ ብቻ ነው። ያለ አዘጋጁ ፊርማ ግን እኔ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አላነቃንቅም፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ሮላንድና ጎድፍሬይ፣ በጠበቃ ያስገቡት ውል ነው። እስከ ሰኞ ማታ ይድረሰኝ፤ ካልሆነ መጽሐፉ እንዳለ ይታተማል።»

ሄድሊ ቅጹን አተመውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ያን ጊዜ ቢፈርም ኖሮ ይህ ወሬ እዚህ ጋ ያልቅ ነበር። ሰውየው ግን የሃድሎው ቀመር ወዳጆች ማኅበር ጸሐፊ ነው፤ በማኅበሩ ደንብ መዝገቡ የሚነካው በጉባኤ ፊት ተነግሮ ነው። ጉባኤው ደግሞ ቅዳሜ ነው። ደንብ ደንብ ነው አለ። እኛ እንግሊዞች ቤታችን እየተቃጠለ እንኳ ተራ ይዘን ነው የምንወጣው።

ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሠላሳ አራት ሰው መጣ፤ ከአንዲት በስተቀር ሁሉም ወንድ፣ ሁሉም ጡረተኛ፤ ኖሪን ቤት ቀርታለች። ሻይ ፈላ፣ በሊጥ የተጠቀለለ ቋሊማ ተደረደረ። ሄድሊ ተነሥቶ የሰማውን ተናገረ። ሲጨርስ አንድ ሰው ብቻ ያኝክ ነበር።

ሊቀመንበሩ ክሪስፒን አላርዳይስ ነው፤ የጥርስ ሐኪም የነበረ፣ ያን መዝገብ ሃያ ዓመት በቅናት ዓይን ሲያይ የኖረ ሰው። ለእሱም የደረሰውን የመጽሐፉን ናሙና ከቦርሳው አወጣ። «ሄድሊ ወዳጄ፣ ገጽ 214ን ላንብብልህ? 'ይህን ትንፋሽ ያልሠለጠነ ሰው አያወጣውም፤ ይህን የሚጠራጠር ጆሮ የለውም።' ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አሁን ጆሮህ ጠፋ ወይስ ሚስትህ ተቆጣች?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ «ከበሮውን የመታችው የኔ ሚስት ናት፤ መዝግቡልኝ!» አለ። ሌላው «ፒያኖው የኔ ውሻ ነው!» ብሎ ጨመረ።

«ቴፑን በጆሮዬ ሰምቻለሁ!» አለ ሄድሊ፤ ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«ቴፕ ይሳሳታል» አለ ክሪስፒን። «ይህ ግን ተጽፏል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሁለቱ ተገናኙ። ከዚያም፣ አሁን ነው መሳቅ፣ እጅ ይውጣ ተባለ! የማን ድምፅ እንደሆነ በድምፅ ብልጫ ወሰኑት፤ ሠላሳ ሦስት ለአንድ። ሮዛሊንድ ኩዌይል አሸነፈች።

ሄድሊ ንድድ ብሎት ቤቱ ገባ። በእውነት ለመናገር፣ የነደደው ለኖሪን ብቻ አልነበረም። እሱን ሳቁበት፤ እሱን፣ የመዝገቡን ጌታ! የጉባኤው ውሳኔ ሸክላ ቤቱን አይገዛውም፤ ቅጹም ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እስክሪብቶውም አጠገቡ ነው። አንድ ፊርማ! ግን የተናደደ እንግሊዛዊ ወንበር አይወረውርም፣ ቅጽም አይፈርምም፤ ደብዳቤ ይጽፋል። እሑድን ሙሉ ጻፈ። አራት ጊዜ ቀደደ። አምስተኛው እውነትም ያማረ ነበር፦ «ሐሰትን በተሸከመ መጽሐፍ ላይ ስሜ እንዲሰፍር ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። ስለዚህ ከማኅበሩ ጸሐፊነትም ከመዝገቡ አዘጋጅነትም ከዛሬ ጀምሮ ለቅቄያለሁ።» አንዱን ለማኅበሩ፣ አንዱን ለሸክላ ቤቱ ላከ። ቅጹን የሻይ ኩባያው ማስቀመጫ አደረገው።

ሰኞ ፒርስ ሦስት ጊዜ ጻፈለት፣ ሁለት ጊዜ ደወለለት። ሄድሊ አላነበበም፣ አላነሣም። «ይለምኑ!» አለ ለራሱ። «ሳምንት ይለምኑኝ፣ ከዚያ አስብበታለሁ።» ሰኞ ማታ አለፈ። ማክሰኞ የደወለ የለም።

ኖሪን «ያ ነገሬስ ምን ደረሰ?» ብላ ጠየቀችው።

«ተጨርሷል» አላት። «በሚገባቸው ቋንቋ ጻፍኩላቸው። ለአንቺ ስል ያደረግሁትን ስታዪ ትኮሪብኛለሽ።»

ኖሪን መላጣውን ሳመችው። ስልክ አንሥታ ቦልተን ላለችው እህቷ ለብሬንዳ «ስሜ ሊወጣ ነው» አለቻት። ያን ቀን ሳህኑን ያጠበችው እየዘፈነች ነው፤ እሱም አላቋረጣትም።

ሳጥኑ ኅዳር ላይ መጣ። ብሬንዳ የሎሚ ኬክ ጋግራ ከቦልተን በባቡር መጥታለች። ኖሪን ፀጉሯን ተሠርታለች፤ ሠርግ እንዳለባት ሁሉ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች። ሄድሊ ጓንት አድርጎ ሳጥኑን ከፈተው፤ የተቆጠረ ቅጂ ነው፣ ከሦስት ሺህ ውስጥ አሥራ ሰባተኛው። ኖሪን መነጽሯን አደረገችና መጽሐፉን ተቀበለችው። ገጽ 214 ድረስ ገለጠች። አነበበች። በጣቷ እየተከተለች እንደገና አነበበች።

«ሮዛሊንድ ኩዌይል ይላል» አለች።

«የመጀመሪያውን ገጽ እዪው» አለ ሄድሊ፤ ደረቱን ነፍቷል።

ወደ መጀመሪያው መለሰችው። «ያዘጋጀው፦ ክሪስፒን አላርዳይስ» አለች፤ ሄድሊ የለቀቀውን ቦታ ሊቀመንበሩ በፊርማው ወስዶት ኖሯል።

«አየሽ? የኔ ስም የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የለፋሁበትን ሥራ ለአንቺ ስል ጣልኩት! ስሜን አስወጣሁ። ያንቺ ስም በሌለበት የኔም አይኖርም ብዬ ጻፍኩላቸው፤ ደብዳቤውን ላንብብልሽ?»

ብሬንዳ የኬኩን ቢላ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ፒርስ ቅጽ ልኮ አልነበር?» አለች ኖሪን።

«ልኮ ነበር። ግን ነገሩ የመርህ ጉዳይ ሆነና…»

«ፈርመህ ነበር?»

ሄድሊ ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ።

«ሄድሊ» አለች ቀስ ብላ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እኔ እኮ ስሜን አስገባልኝ ነው ያልኩህ። ስምህን አውጣ ማን አለህ?»

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሃድሎው ቀመር ተጠይቆ የሚመልሰው አጣ።

ኖሪን ተነሣች። ከስልኩ አጠገብ ያለውን እስክሪብቶ አመጣች፤ ገጽ 214ን በመዳፏ ዳምጣ ዘረጋችው። ሮዛሊንድ ኩዌይል በሚለው ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች።

«ኧረ ኖሪን! ቁጥር ያለው ቅጂ እኮ ነው!» ሄድሊ ከወንበሩ ተፈናጠረ። «በእስክሪብቶ አይሆንም! ቢያንስ በእርሳስ!»

ኖሪን ቀና ብላ አየችው፤ ረዘም አድርጋ ነው ያየችው። ከዚያ አጎነበሰችና በጉልህ ፊደል፣ ወረቀቱን እስኪወጋ እየተጫነች፣ ኖሪን ሄስሎፕ ብላ ጻፈች። ከሠርጓ ጀምሮ የምትጠራበትን የባሏን ስም፣ ተኒክሊፍ የሚለውን፣ አልጻፈችውም።